ሀብቱን የሚያስቆጥር ማን ነው?
ስለ ዕጩዎች ሀብትና ስለ ገንዘብ ግልጽነት የተዘጋጀ ትምህርት

ከትምህርቱ በፊት የሚነበብ፦ 1ኛ ሳሙ. 8፥1-5፤ 12፥1-5፤ ነህ. 5፥14-18፤ 2ኛ ቆሮ. 8፥18-21



ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሥራቅ ጎጃም በኩል ስናልፍ፣ ከቢቸና ከተማ ጥቂት ራቅ ባለ አንድ ቀበሌ በተደረገ የእድር ስብሰባ ላይ በእንግድነት ለመቀመጥ ዕድል ገጥሞን ነበር። የዕለቱ ዋና ጉዳይ የዓመቱ ሒሳብ ነበረ። ገንዘብ ያዡ ተነሥቶ ከጉያው የተጣጠፈ ደብተር አወጣና በየወሩ የገባውን፣ ለየለቅሶው የወጣውንና በእጁ የቀረውን አንድ በአንድ አነበበ። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ አግዳሚ ወንበሩ ሳይቀር ተቆጠረ። አንድ ሰው «ዓምና የተሰበረው ወንበር የት ገባ?» ብሎ ቢጠይቅ ገንዘብ ያዡ ሳይቆጣ መለሰለት። ጥያቄው እንደ ስድብ አልተቆጠረም፤ መልሱም እንደ ውርደት አልታየም።

ሒሳቡ ካለቀ በኋላ ለምርጫ ለመወዳደር የተዘጋጀ አንድ ሰው ጥቂት ቃል እንዲናገር ተፈቀደለት። ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። ሲጨርስ ከኋላ የነበሩ አንድ አዛውንት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና «ልጄ፣ መልካም ተናገርህ፤ እግዜር ይስጥልን። ግን የኛ ገንዘብ ያዥ ወንበሩን እንኳ አስቆጥሮ ነው የተቀመጠ። አንተስ ምን አለህ? ከማንስ ተበድረሃል?» አሉት። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ዕጩውም «አባባ፣ እርስዎ ደግሞ ጨዋታ ያውቃሉ» ብሎ ሳቀና ወደ ሌላ ነገር አለፈ። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን።

የአዛውንቱ ጥያቄ ጨዋታ እንዳልነበረ የገባን ከዚያ በኋላ ነው። ለድንኳንና ለወንበር ሒሳብ የሚጠይቅ ሕዝብ፣ መሬቱን፣ ግብሩንና የልጆቹን ትምህርት ቤት ሊያስተዳድር የመጣውን ሰው ምንም ሳይጠይቅ የሚሸኝበት ምክንያት ምንድን ነው? እኛስ ካህናት ሆነን ሳለን ያ ጥያቄ መልስ እንዲያገኝ አንዲት ቃል ሳንጨምር ለምን ሳቅን? ይህ ትምህርት ያኔ ልንናገር ሲገባን ያልተናገርነው ነው።

ቆጠራ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ

የቢቸናና የሞጣ ሰው ሀብት መቆጠር ምን ማለት እንደ ሆነ ከሌላው ይልቅ ያውቃል። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት ከእርሻ ሥራ ገቢ ላይ ግብር የሚያስከፍል አዋጅ፣ ቁጥሩ 255 የሆነውን፣ ባወጣ ጊዜ አሥራት የተባለው የቀድሞው ክፍያ ቀርቶ የገበሬው የዓመት ገቢ እየተገመተ ግብር እንዲጣልበት ተወሰነ። በወረቀት ላይ ሲታይ ሕጉ ከቀድሞው የተሻለ ነበር ሊባል ይችላል፤ ብዙ ያለው ብዙ፣ ጥቂት ያለው ጥቂት እንዲከፍል የታሰበ ነውና። ገበሬው ግን ገማቾቹ ወደ ማሳውና ወደ ጎተራው ሲመጡ ያየው ሌላ ነገር ነበረ። ዛሬ እህሉን የገመተ ነገ መሬቱን ይለካል፣ ከነገ ወዲያም ርስቱን ይወስዳል ብሎ ሰጋ። ገማቹን የላኩት ሹማምንት የራሳቸውን ጎተራ ለማንም አላሳዩም። ገበሬዎቹ በጊዜው ካሰሟቸው አቤቱታዎች አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ ሹማምንት በደልና ጉቦኝነት ነበረ፤ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ እንዲነሡላቸውም አጥብቀው ጠይቀዋል።

የቢቸና፣ የሞጣና የዳሞት ሰው ጠመንጃውን አንሥቶ ግብር አልከፍልም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላኖች መንደሮችን ደበደቡ፤ ብዙ ሰው አለቀ። ይሁን እንጂ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ በጎጃም አዲሱ ግብር ቀረ፣ ለብዙ ዓመታት ተጠራቅሞ የነበረው ውዝፍም ተሰረዘ። በአካባቢው ያሉ አረጋውያን ይህን ዘመን ሲያነሡ ሁለት ነገር አብረው ያነሣሉ፤ የሞቱትን ሰዎች፣ ደግሞም ተቆጥሮ የማያውቀውን የሹሙን ሀብት።

ሁለተኛው ቆጠራ በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ነው። ያን ጊዜ ገበሬው የተቆጠረው ባለው ሀብት ብቻ ሳይሆን በተሰጠው ስም ጭምር ነበር። «ቢሮክራት» ወይም «የፊውዳል ቅሪት» የተባለ ሰው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዝ ሲደረግ፣ ይህ ስም ያልተሰጠው ጎረቤቱ እስከ ሦስት ሄክታር ሊይዝ ይችል ነበር። ከጎጃም አቤት ለማለት እስከ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎች ነበሩ። የአንዱን ሀብት ቆጥሮ ለቅጣት ማዋል ምን ያህል ቁስል እንደሚተው ያኔ የታየ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ የመጣው የመሬት ይዞታ ምዝገባ ግን የተሻለ ምሳሌ ይሰጠናል። የገበሬው ማሳ ተለክቶ፣ አዋሳኞቹ ተጠርተው፣ ኅብረተሰቡ በመረጠው ኮሚቴ ፊት ከተጻፈ በኋላ ዝርዝሩ በአደባባይ ለሕዝብ እንዲታይ ይደረግ ነበር፤ ስሕተት ያየ ሰው ይቃወም ዘንድ። ደብተሩ ለገበሬው የሚሰጠው ከዚህ በኋላ ነው። እንግዲህ የአንድ የእነማይ ገበሬ አራት ጥማድ መሬት በጎረቤቶቹ ሁሉ ፊት ከተነበበ፣ ለሥልጣን የሚወዳደረው ሰው ይዞታ የሚደበቅበት ምን ምክንያት አለ?

ሀብት በጊዜው ሳይጻፍ ሲቀር በኋላ የሚጠየቅበት መንገድ እጅግ አስፈሪ ይሆናል። በ1966 ዓ.ም. የቀድሞዎቹን ባለ ሥልጣናት አሠራርና ሀብት የሚመረምር ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ የተከሰሰው ይሰማ፣ ማስረጃው ይታይ ተብሎ የተጀመረ ነበርና። ነገር ግን ምርመራው ዳር ሳይደርስ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ወደ ስድሳ የሚሆኑ ባለ ሥልጣናትና መኮንኖች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ከነርሱ መካከል ማን ንጹሕ፣ ማን በዳይ እንደ ነበረ ለማወቅ የሚያስችለው መዝገብ ከሰዎቹ ጋር ዋጋ አጣ። ስለዚህ ግልጽነት የሚጠቅመው ተመዝጋቢውን ጭምር ነው። የተጻፈና የታየ ሀብት ያለው ሰው ዘመን ሲለወጥ የሚያቀርበው ምስክር አለው።

ሳሙኤል በሕዝቡ ፊት

በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ስለ ቆጠራ የሚናገሩ ብዙ ክፍሎች አሉ። ዳዊት ሕዝቡን ባስቆጠረ ጊዜ ነገሩ እግዚአብሔርን እንዳላስደሰተና በሀገሩ ላይ መቅሠፍት እንደ መጣ በ2ኛ ሳሙ. 24 ተጽፏል። ንጉሡ የቆጠረው የሌላውን ጉልበት ነበር፤ ስንት ሰይፍ የሚመዝ ሰው እንዳለው ለማወቅ። ሳሙኤል ግን ያደረገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ሸምግሎ ሥልጣኑን ለንጉሡ ሲያስረክብ ሕዝቡን ሰበሰበና በእግዚአብሔርና በተቀባው ፊት ቆሞ ራሱን ለምርመራ አቀረበ። በሬውን የወሰደበት፣ አህያውን የነጠቀው፣ ግፍ የሠራበት፣ ወይም ዓይኑን ለማሳወር መማለጃ የተቀበለው ሰው ካለ እንዲናገር ጠየቀ፤ ካለም ሊመልስ ቃል ገባ። ሕዝቡም ከማንም ምንም እንዳልወሰደ መሰከረለት።

እዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ልብ እንበል። አንደኛ፣ ሳሙኤል የጠቀሳቸው ንብረቶች በሬና አህያ ናቸው። የገበሬ ሀገር ሀብት ይህ ነውና ጥያቄው ለማንም ግልጽ ነበር። የቢቸና አዛውንት «ምን አለህ?» ሲሉ በዚሁ ቋንቋ ነው የተናገሩት። ሁለተኛ፣ የሚመረምረው ሕዝቡ ነው፤ ሳሙኤል ራሱን ንጹሕ ነኝ ብሎ አላበቃም፣ ምስክር ጠራ። ሦስተኛው ግን የሚያሳዝነው ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ሥልጣኑን ካስረከበ በኋላ ነው፤ ያ ነገርም አስቀድሞ በምዕራፍ 8 የተጻፈውን ሊመልስ አልቻለም። የሳሙኤል ልጆች በቤርሳቤህ ፈራጆች ሆነው ሳለ ረብን ተከትለው መማለጃ ይቀበሉ ነበር፤ ፍርድንም ያጣምሙ ነበር። የእስራኤል ሽማግሌዎች ንጉሥ ይሰጠን ብለው የመጡት ልጆቹ እንደ አባታቸው አይደሉም በማለት ነው። የአባቱ እጅ ንጹሕ መሆኑ የልጆቹን እጅ አላነጻውም። የአንድን ሹም ሀብት ስንጠይቅ የሚስቱንና የልጆቹን ጉዳይ መተው እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልገንም።

ነህምያም በይሁዳ ገዥ ሆኖ በኖረባቸው 12 ዓመታት ለገዥው የተመደበውን ቀለብ እንዳልበላ፣ መሬትም እንዳልገዛ በጽሑፍ ትቶልናል። «መሬት አልገዛንም» ማለቱን ልብ ይሏል፤ በሥልጣን ላይ ያለ ሰው መሬት ሲገዛ የሚሸጠው ሰው ለምን እንደሚሸጥለት ነህምያ ያውቅ ነበር። ሐዋርያው ጳውሎስ ደግሞ ለኢየሩሳሌም ድኾች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን ሊይዝ አልወደደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም ከቲቶ ጋር አብሮ እንዲሄድ አደረገ። ምክንያቱንም ሲያስረዳ በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም የሆነውን እንደሚያስብ ይናገራል። «እግዚአብሔር ያየኛል፣ ይበቃል» የሚለውን ሰው ጳውሎስ አይደግፈውም።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርትም በዚህ መንገድ የሄደ ነው። ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ በ1991 እ.ኤ.አ. በጻፉት «ቼንቴሲሙስ አኑስ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክት የመንግሥት ባለ ሥልጣናት ሙስናና ያለ አግባብ የመበልጸጊያ መንገዶች መስፋፋት ለኢኮኖሚ ዕድገት ዋና እንቅፋት መሆኑን አመልክተዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመው የማኅበራዊ ትምህርት መድበልም በቁጥር 411 የፖለቲካ ሙስናን የሕዝብ አስተዳደርን ከሚያበላሹት ነገሮች እጅግ ከባዱ አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሙስና በገዥና በተገዢ መካከል ያለውን መተማመን ያፈርሳል።

ሕጉ ምን ይላል?

በሀገራችን የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668 የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አፈጻጸሙን እንዲከታተል የታዘዘው በ1993 ዓ.ም. የተቋቋመው የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን ነበር። በ2003 ዓ.ም. የወቅቱ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሀብታቸውን አስመዝግበው ምዝገባው በይፋ ተጀመረ። ሕጉ ተሿሚዎችን፣ ተመራጮችንና የመንግሥት ሠራተኞችን ይመለከታል። የሚመዘገበው ሀብት የሚንቀሳቀሰውንም የማይንቀሳቀሰውንም፣ የመሬት ይዞታንና ዕዳን ይጨምራል፤ የገቢ ምንጭም ይገለጻል። ምዝገባው በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል። የባለቤትና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ሀብትም እንዲመዘገብ ታዟል። አንድ ሰው ሲጠይቅ የተመዘገበውን ማየት ይችላል፤ የቤተ ሰቡ ሀብት መረጃ ግን በምስጢር እንዲያዝ ተደንግጓል።

ይህ ሕግ ትልቅ ነገር ነው። በ1960 ዓ.ም. ወደ ታች ብቻ ይወርድ የነበረውን ቆጠራ ቢያንስ በጽሑፍ ወደ ላይ አዙሮታል። ይሁንና ሁለት ጉድለቶቹን ሳናይ ማለፍ አይገባንም። የመጀመሪያው ከሳሙኤል ልጆች ታሪክ ጋር የተያያዘው ነው። የቤተ ሰቡ ሀብት ለኮሚሽኑ ይነገራል እንጂ ለሕዝቡ አይነገርም፤ ንብረትን ለመሰወር የፈለገ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያስበው በሚስቱ ስም ማስመዝገብ መሆኑን ማንም ያውቃል። ሁለተኛው የበለጠ የሚያሳስበን ነው። ሕጉ የጠራው «ተመራጭን» ነው፤ ዕጩን አይደለም። መራጩ ድምፁን ሲሰጥ አያይም፤ ድምፁን ከሰጠ በኋላ ይመዘገብለታል። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን ከፍቶ የሚያየው ብሩን ከመክፈሉ በፊት ነው፤ ከከፈለ በኋላ ቢያይ ምን ይጠቅመዋል?

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ፣ የፖለቲካ ፓርቲዎች ምዝገባና የምርጫ ሥነ ምግባር አዋጅ ቁጥር 1162 ፓርቲዎች ሒሳባቸውን አስመርምረው ለምርጫ ቦርድ እንዲያቀርቡና ከውጭ ሀገር ሰዎች ስጦታ እንዳይቀበሉ ያዛል። ይህ የፓርቲውን ኪስ ይመለከታል። የሰውየው ኪስ ሌላ ነው።

ዕጩዎችን አስቀድሞ የመጠየቅ አሠራር በዓለም ላይ አዲስ አይደለም። በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2002 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ ምክንያት ማንኛውም የምክር ቤት ዕጩ ንብረቱን፣ ዕዳውን፣ ትምህርቱንና የቀረበበትን የወንጀል ክስ በመሐላ ጽፎ ያቀርባል፤ የባለቤቱም ሀብት ይካተታል፤ ጽሑፉም ለሕዝብ ይለጠፋል። ፍርድ ቤቱ የተነሣበት ሐሳብ ቀላል ነው፤ የሚመርጠውን ሰው የማያውቅ መራጭ መርጧል ሊባል አይችልም። በፊሊፒንስም በ2012 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱ ከፍተኛ ዳኛ ሬናቶ ኮሮና ሀብታቸውን በትክክል ባለማሳወቃቸው ከሥልጣን ተወግደዋል። በአህጉራችን ደግሞ የናይጄሪያው ፕሬዚዳንት ኡማሩ ያራዱዋ በ2007 እ.ኤ.አ. ሥልጣን እንደ ያዙ የሀብታቸውን ዝርዝር ሕጉ ሳያስገድዳቸው ለሕዝብ ይፋ አድርገዋል። ይህ የመጨረሻው ምሳሌ ለኛ ዕጩዎች የሚሆን ነው፤ ሕግ ባይጠይቅም ራስን ማሳየት አይከለከልም።

ስለ ዕዳ

ስለ ግልጽነት ሲነገር ሰው ሁሉ የሚያስበው ስለ ፎቅና ስለ መኪና ነው። የቢቸናው አዛውንት ግን ሁለተኛ ጥያቄ ጨምረው ነበር፤ ከማን ተበድረሃል? እኛ ከመጀመሪያው ይልቅ ይህኛው ጥልቅ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሀብታም መሆን በራሱ ኃጢአት አይደለም። ነግዶ፣ አርሶ፣ ወርሶ ያገኘ ሰው ለሕዝብ ሊያገለግል ቢወድ ሀብቱ ይከለክለው ዘንድ አይገባም፤ እንዲያውም ለጉቦ ያለው ችኮላ ሊቀንስ ይችላል። ድኻ መሆንም ጽድቅ አይደለም። ባዶ እጁን ወደ ሥልጣን የገባ ሰው በፈተና የሚወድቅበትን አጋጣሚ ሁላችንም አይተናል። ዕዳ ግን የሰውን ነጻነት ይነካል። እስቲ ይህን እናስብ፤ አንድ ዕጩ በሞጣ ገበያ እህል በጅምላ ከሚገዛ ነጋዴ ለቅስቀሳ የመኪና ኪራይና የነዳጅ ገንዘብ ይበደራል። ወረቀት አልተጻፈም፤ ወለድም የለውም፤ «ወንድሜ፣ ሲመችህ ትከፍለኛለህ» ተባብለው ተለያዩ። ዕጩው ተመረጠ። ነጋዴው ለመጋዘን የሚሆን ቦታ ሲጠይቅ፣ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር የእህል ዋጋ ሲወስን፣ ወይም የሚዛን ጉዳይ አቤት ሲባል ያ ተመራጭ ማንን ነው የሚሰማው? ጉቦ አልተቀበለም። ሕግም አልጣሰ ይሆናል። ነገር ግን መናገር የሚገባው ቀን አፉ ታስሯል።

በሞጣም ሆነ በቢቸና ገበያ ማን ለማን እንደሚያበድር ሰው ያውቀዋል፤ ገበሬው በክረምት የወሰደውን ብር በመኸር በእህል ሲመልስ ስንት እንደሚጎዳ የማያውቅ የለም። የተበደረ ገበሬ ጤፉን የሚሸጠው ለወደደው ሰው አይደለም፤ ላበደረው ነው። የተበደረ ዕጩም እንዲሁ ነው፤ የሚሸጠው ግን የራሱን ጤፍ አይደለም። ስለዚህ አዋጁ ዕዳን ከሀብት ጋር ማካተቱ ብልህነት ነው። መራጮች ከዕጩ አንድ ነገር ብቻ እንዲጠይቁ ቢፈቀድላቸው የአበዳሪዎቹን ስም እንዲጠይቁ እንመክራለን።

የሚነሡ ተቃውሞዎች

«ይህ ምቀኝነት ነው» የሚሉ አሉ። ሀገሬው ሀብትን ቆጥሮ መናገር አይወድም፤ ከብቱን የቆጠረ፣ ጎተራውን ያሳየ ዓይን ይገባበታል ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱን አናንቅም። ምቀኝነት ከዋና ዋናዎቹ ኃጢአቶች አንዱ ነው፤ የሰውን ሀብት ለማወቅ የሚጓጓ ልብ ደግሞ ሁልጊዜ ለፍትሕ ሲል አይጓጓም። ይሁን እንጂ ጥያቄው ለጎረቤት ሁሉ የሚቀርብ አይደለም። በገዛ ፈቃዱ የሕዝብን አደራ ልቀበል ብሎ ለቆመ ሰው ብቻ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን መብት ይጠብቃል፤ በአንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን፣ ተመራጭም ተጠያቂ እንዲሆን፣ እምነት ሲጎድል ሕዝቡ ሊያነሣው እንዲችል ያዛል። ሁለቱ አንቀጾች አይጣሉም፤ መወዳደር ያልፈለገ ሰው ጓዳውን ዘግቶ መኖር ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል፤ በቀላሉ የምንመልሰውም አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት የምሥራቅ ጎጃም ሕዝብ ብዙ መከራ አይቷል፤ ሰውን አግቶ ገንዘብ መጠየቅም ተስፋፍቷል። በዚህ ጊዜ «ይህን ያህል ብር በባንክ አለኝ» ብሎ በወረዳ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ራስንና ልጆችን ለአጋቾች ማመልከት ሊሆን ይችላል። ይህን ያለን ሰው ፈሪ ልንለው አይገባም። እኛ የሚታየን መካከለኛ መንገድ አለ። የገንዘቡ ልክና የቤቱ አድራሻ ለሚመለከተው አካል በምስጢር ይቅረብ፤ ለሕዝቡ ግን የሀብቱ ዓይነት፣ የተገኘበት መንገድ፣ ዕዳው ለማን እንደ ሆነና ከነማን ጋር በንግድ እንደ ተሻረከ ይነገር። መራጩ ማወቅ የሚፈልገው የሰውየውን የባንክ ደብተር ሳይሆን ልቡ ለማን እንደ ታሰረ ነው። ሰላም ሲመለስ ቀሪው ይጨመራል።

«የሚዋሽስ?» የሚሉም አሉ። ይዋሻል። ሐናንያና ሰጲራም ዋሽተዋል፤ ግን መሬታቸውን በስንት እንደ ሸጡ ባይናገሩ ኖሮ ውሸታቸው ባልታወቀ ነበር። የተጻፈ ውሸት ሊመረመር ይችላል፤ ያልተነገረ ነገር ግን የሚያዝበት ጫፍ የለውም።

ከራሳችን ቤት

ይህን ሁሉ ጽፈን በራሳችን ቤት ያለውን ብንሸፍን የሚያምነን አይኖርም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ሚያዝያ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጡት ድንጋጌ በቫቲካን በኃላፊነት የሚሠሩ ሁሉ፣ ብፁዓን ካርዲናሎችም ሳይቀሩ፣ በሙስና ወይም በማጭበርበር እንዳልተፈረደባቸውና ግብር ለመሸሽ በሚያመቹ ሀገሮች ገንዘብ እንደሌላቸው ሥራ ሲጀምሩና ከዚያም በየሁለት ዓመቱ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ አዘዋል። ከ40 ዩሮ በላይ ዋጋ ያለው ስጦታ መቀበልንም ከልክለዋል። በየሁለት ዓመቱ የሚለው ቃል ከአዋጅ 668 ጋር መገጣጠሙ አስገርሞናል።

እኛም ልንናዘዘው የሚገባ ነገር አለን። ባገለገልንበት በአንድ ቁምስና ሦስት ዓመት ሙሉ የቤተ ክርስቲያኑን ሒሳብ በምእመናን ፊት ሳናስነብብ ቆይተናል። የጠፋ ገንዘብ አልነበረም፤ ደብተሩም በወጉ ተይዞ ነበር። ነገር ግን በየዓመቱ «ጊዜው አጠረን፣ ለሚቀጥለው» እያልን አሳለፍነው። አንዲት እናት ከቅዳሴ በኋላ በትሕትና ቀርበው «አባታችን፣ ለጣሪያው ያዋጣነው ብር ደርሶ ይሆን?» ብለው በጠየቁን ጊዜ ቅር አለን። ለምን ቅር እንዳለን እስከ ዛሬ እናስበዋለን። የእድሩ ገንዘብ ያዥ ስለ ተሰበረው ወንበር ሲጠየቅ አልተቆጣም፤ እኛ ግን ስለ ጣሪያው ስንጠየቅ እንደ ተደፈርን ቆጠርነው። ምናልባት ያ ዕጩ የሳቀው፣ እኛም አብረን የሳቅነው፣ ከዚሁ ስሜት የተነሣ ይሆናል። በሚቀጥለው እሑድ ሒሳቡን አነበብን፤ የጣሪያው ብር 14 ቆርቆሮ የሚገዛ ቀርቶት ነበር፤ እኒያ እናትም ቆመው ሰሙ።

በየቁምስናው የምትሰበሰቡ የጥናት ክበባት ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 8ንና 12ን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ተወያዩበት፤ ሳሙኤል የቆመበትን ቦታ ዕጩው ከመመረጡ በፊት እንዲቆምበት ብንፈልግ በየቀበሌያችን ማን ይጠይቀዋል፣ በምን ቃልስ ይጠየቃል? አረጋውያን ካሏችሁ ስለ 1960 ዓ.ም. የሚያስታውሱትን አስነግሯቸው፤ ወጣቶቹ ይጻፉት። ከውይይቱ በፊት ግን የቁምስናችሁ የመጨረሻው ሒሳብ በየትኛው ቀን እንደ ተነበበ ጠይቁ፤ ቀኑን የሚያስታውስ ሰው ከጠፋ ከዚያ ጀምሩ።